ምዕራፍ 7፦ ባትሪው ለምን አይሞላም?

እትዬ የምላቸው አክስቴ የሚኖሩት ከደብረ ብርሃን ወጣ ብላ ባለች መንደር ነው። በጥር ወር ልጠይቃቸው ሄጄ፣ ቡናው ተፈልቶ አቦሉ ገና ሳይቀዳ፣ ወደ ጓዳው ጥግ አመለከቱኝ።

«ልጄ፣ ያ ባትሪ ሞቷል። ማታ ዜናው ሳያልቅ ቴሌቪዥኑ ድርግም ይላል። ልጆቹ ገንዘብ አዋጥተው አዲስ ሊገዙልኝ ነው።»

«እትዬ፣ መሞቱን ማን ነገረዎት?»

«ማን ይነግረኛል፣ እያየሁት! ቀን ቀን አረንጓዴ መብራቱን አብርቶ ሞላሁ ይላል፤ ማታ ግን ባዶ ነው።»

ይህን አቤቱታ ሶላር ባለበት ቤት ሁሉ እሰማዋለሁ። መብራቱ ሞልቷል ይላል፣ ባትሪው ግን አያደርስም። ብዙው ሰው ከዚህ ተነስቶ በቀጥታ ወደ ገበያ ይሄዳል። ባትሪ ደግሞ ከመላው የሶላር ዕቃ ብዙ ገንዘብ የሚበላው ነው። ስለዚህ በዚህ ምዕራፍ አጥብቄ የምናገረው አንድ ነገር ነው፤ ሳይለኩ ባትሪ አይግዙ። ባትሪ ጎተራ ነው። ጎተራው ባዶ ሆኖ ሲገኝ ጎተራውን ከማፍረስ በፊት እህሉ ከማሳው መድረስ አለመድረሱን ማየት ይቀድማል።

በማግስቱ ፀሐይ ሳትወጣ ቴስተሬን ይዤ የባትሪውን ሁለት ጫፎች ለካሁ። 11.9 ቮልት አለኝ። ለ12 ቮልት ባትሪ ይህ ረሃብ ነው። ቀኑ 6 ሰዓት ላይ፣ ፀሐዩ ቆርቆሮውን ሲያነድደው፣ ተመልሼ ሄድኩ። መጀመሪያ ቻርጅ ኮንትሮለሩ ላይ የባትሪው ገመድ የሚታሰርባቸውን ሁለት ብሎኖች ለካሁ፤ 14.3 ቮልት። ከዚያ ጎንበስ ብዬ፣ ከኮንትሮለሩ አንድ ሜትር ተኩል እንኳ የማይርቀውን የባትሪውን የእርሳስ ጫፍ ራሱን ለካሁ፤ 12.6 ቮልት። በሁለቱ መካከል ያለው ጥንድ ገመድ ብቻ ነው። ታዲያ 1.7 ቮልት የት ገባ?

የፖዘቲቩን ማሰሪያ በጣቴ ስነካው ይሞቃል። ዙሪያውን ነጭና አረንጓዴ፣ ጨው የመሰለ ዱቄት ወርሶታል፤ ብሎኑም ላልቷል። ምስጢሩ እዚህ ነበር። ኮንትሮለር የባትሪውን ሆድ ገብቶ አያይም፤ የሚያውቀው የራሱ ብሎኖች ላይ ያለውን ቮልት ብቻ ነው። ማሰሪያው ዝጎ ኤሌክትሪኩን ሲያንቀው ቮልቱ ኮንትሮለሩ ላይ ይከማቻል። ኮንትሮለሩም 14.3 አይቶ «ባትሪው ጠገበ» ይልና የሚልከውን አምፔር ይቀንሳል፣ አረንጓዴ መብራቱን ያበራል። ባትሪው ግን ደጃፉ ላይ የቆመ እህል እያለ ጾሙን ያድራል።

የፓኔሉን ገመድ ከኮንትሮለሩ ፈታሁ፤ ከዚያ የባትሪውን ኔጌቲቭ፣ በመጨረሻም ፖዘቲቩን። ቤኪንግ ሶዳ ለብ ባለ ውሃ በጥብጬ፣ ባረጀ የጥርስ ብሩሽ ዱቄቱን አጠብኩት። ሶዳው አሲዱን ሲያገኝ አረፋ ያወጣል፤ አረፋው ሲቆም ጸድቷል ማለት ነው። እርሳሱንና የገመዱን ጫፍ ነጭ ብረቱ እስኪታይ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጌ፣ አጥብቄ አሰርኩና ላዩን ቫዝሊን ቀባሁት። ስመልሰው መጀመሪያ ባትሪውን፣ ቀጥሎ ፓኔሉን ነው ያገናኘሁት። እንደገና ስለካ ኮንትሮለሩ ላይ 12.9፣ ባትሪው ላይ 12.8 ሆነ። አረንጓዴው ጠፍቶ የቻርጅ ምልክቱ ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረ። እትዬ «አረንጓዴው ጠፋ እኮ!» ብለው ደነገጡ። በእርግጥም ከስንት ጊዜ በኋላ ባትሪው መብላት የጀመረው ያን ቀን ነው።

ሦስት ቁጥሮች

ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው ዕቃ ጥቂት ነው። አንድ ቴስተር፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ናስትሮና አንድ ደብተር። ቴስተሩን ቪ ከሚለው ፊደል ጎን ቀጥ ያለ መስመር ወዳለበት፣ 20 ወደሚለው ቁጥር ያዙሩት። ሞገድ የመሰለው ምልክት የግድግዳ ሶኬት መለኪያ ስለሆነ እዚህ አያገለግልም።

የመጀመሪያው ቁጥር የማለዳው ነው። ጀምበር ሳትወጣ፣ ሌሊቱን ምንም መብራት ሳይበራ ካደረ በኋላ የሚለካ። ባትሪው የእርሳስና የአሲድ ከሆነ 12.7 ገደማ ማለት ሙሉ ነው፤ 12.4 ሦስት አራተኛ፣ 12.2 ግማሽ፣ 12.0 ሩብ ያህል። 11.8 ላይ ከደረሰ ባዶ ነው። ቀን ቻርጅ እየተደረገ ወይም ማታ ቴሌቪዥን እየበራ የሚታየው ቮልት ይህን አይናገርም፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ቀን የታየው 13.5 የገፊው ኃይል እንጂ የባትሪው አይደለም።

ሁለተኛው የቀትሩ ቁጥር፣ ከባትሪው ጫፍ ላይ የሚወሰድ ነው። ጤነኛ ባትሪ በፀሐይ ሰዓት ቀስ እያለ ይወጣና አሲዱ የሚፈስ ዓይነት ከሆነ ወደ 14.4 እና ከዚያም ትንሽ በላይ ይደርሳል። ሲጠግብ ኮንትሮለሩ ወደ 13.6 አካባቢ አውርዶ ያሳርፈዋል። የቀትሩ ቁጥር ከማለዳው ምንም ካልጨመረ ከላይ የሚወርድ ነገር የለም ማለት ነው። ፓኔሉንና ገመዱን ይጠይቁ።

ሦስተኛው በዚያው ሰዓት ኮንትሮለሩ ብሎን ላይ የሚወሰደው ነው። በእርሱና በባትሪው መካከል ያለው ልዩነት ከ0.2 ቮልት ከበለጠ ማሰሪያውን፣ ፊውዙንና ገመዱን ይፈትሹ። ፊውዝ ባይቃጠልም የሚቀመጥበት ቤቱ ሊዝግ ይችላል፤ በዓይን ሲያዩት ደኅና ይመስላል። የቴስተሩን አንድ ጫፍ ከፊውዙ ወዲህ፣ ሌላውን ከፊውዙ ወዲያ አድርገው ይለኩት፤ ጤነኛ ከሆነ ወደ ዜሮ የተጠጋ ቁጥር ያሳያል።

ሦስቱን ቁጥሮች ለአንድ ሳምንት በየቀኑ በደብተር ይጻፉ። የአንድ ቀን ቁጥር ብዙ አይናገርም። የሳምንቱን ግን ያየ ሰው የቤቱን ገቢና ወጪ ያውቃል።

የቀጠነ ገመድ

ከዓመታት በፊት በራሴ ቤት የሆነውን ልናገር። ባለ 80 ዋት 2 ፓኔሎች ጎን ለጎን አገናኝቼ ጣሪያው ላይ ሰቅዬ ነበር። ባትሪው ሲደክምብኝ ሳልለካ አዲስ ገዛሁ። አዲሱም ዓመት ሳይሞላው እንደ አሮጌው ሆነ። ያኔ ነው ተናድጄ ቁጭ ብዬ ያሰላሁት።

ከጣሪያ እስከ ኮንትሮለር 15 ሜትር ነበር። ገመዱ የአምፖል ገመድ፣ 1.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ነው። ኤሌክትሪክ ሄዶ ስለሚመለስ መንገዱ 30 ሜትር ይሆናል። ይህን ያህል ርዝመት ያለው የ1.5 መዳብ 0.34 ኦም ገደማ ይቃወማል። ሁለቱ ፓኔሎች 9 አምፔር ሲልኩ 3.1 ቮልት መንገድ ላይ ይቀራል። ፓኔሉ ወረቀቱ ላይ 18 ቮልት ቢልም ቀትር ላይ ቆርቆሮ ላይ ሲግል ወደ 15 ይወርዳል፤ ሶላር ፓኔል ብርሃን እንጂ ሙቀት አይወድም። ከ15 ላይ 3.1 ሲቀነስ 12 ቮልት ያልዘለለ ነገር ነው ለባትሪው የሚደርሰው። 14.4 የሚፈልገው ባትሪ በምን ተአምር ይሞላል? ገመዱን በ6 ሚሊ ሜትር ካሬ ስቀይረው መንገድ ላይ የሚቀረው ከ0.8 ቮልት በታች ሆነ። ሁለት ባትሪ የበላብኝ ገመድ ነበር።

በ220 ቮልት የለመደ ኤሌክትሪሺያን ይህን ላያስተውለው ይችላል። 220 ላይ 3 ቮልት ቢጎድል አምፖሉ አያውቀውም፤ 12 ላይ 3 ሲጎድል ሩቡ ሄደ። ስለዚህ ገመድ ሲገዙ ርዝመቱን ያሳጥሩ፣ ውፍረቱን ይጨምሩ፤ በናስትሮ ብቻ የተጠቀለለ ቅጥያ ደግሞ በየዝናቡ ስለሚዝግ በትክክለኛ ማገናኛ ያስሩት። አይጥም የጣሪያ ገመድ ትበላለች፤ ኮርኒስ ውስጥ ያለፈውን ገመድ በእጅዎ እየተከተሉ ይዳስሱት፤ ከመዳሰስዎ በፊት ግን ፓኔሉንና ባትሪውን ይፍቱ።

ፓኔሉን በቮልት ብቻ አይመኑት

ፓኔል ሲፈተሽ ሁሉም የሚለካው ቮልቱን ነው። ለ12 ቮልት ሥራ የተሠራ ፓኔል ከኮንትሮለሩ ተፈትቶ ፀሐይ ላይ ሲለካ ከ20 እስከ 22 ቮልት ያሳያል። ችግሩ ደመና ቢኖርም፣ አቧራ ቢሸፍነውም፣ ይህን ያህል የሚጠጋ ቮልት ማሳየቱ ነው። የሚወድቀው አምፔሩ ነው። ስለዚህ አምፔሩን መለካት ግድ ነው።

እንዲህ ያድርጉ። ፓኔሉን በጋቢ ወይም በብርድ ልብስ ሸፍነው ከኮንትሮለሩ ይፍቱት። የቴስተሩን ቀይ ገመድ 10 አምፔር ወደሚለው ቀዳዳ ያዛውሩ፣ መደወያውንም ወደ ዲሲ 10 አምፔር። ሁለቱን የፓኔል ገመዶች በቴስተሩ በኩል ያገናኙና ልብሱን ያንሱ። ባለ 100 ዋት ፓኔል ጥርት ባለ ቀትር 6 አምፔር አካባቢ፣ ባለ 80 ዋቱ 5 አካባቢ መስጠት አለበት፤ ትክክለኛው ቁጥር ከፓኔሉ ጀርባ ተጽፏል። ከግማሽ በታች ከሰጠ ወይ ቆሽሿል፣ ወይ ጥላ አለበት፣ ወይ ከጀርባው ያለው ሳጥን ውስጥ ግንኙነቱ ዝጓል። ይህ ልኬት የሚፈቀደው ለአንድ ፓኔል፣ አምፔሩም ከቴስተሩ አቅም በታች ሲሆን ነው። ባትሪ ላይ በፍጹም አይሞከርም! ልክ እንደጨረሱም ቀዩን ገመድ ወደ ቮልት ቀዳዳው ይመልሱ። ረስተው ባትሪ የነኩበት እንደሆነ ቴስተሩ እጅዎ ላይ ይቃጠላል።

ጥላ ከሚታሰበው በላይ ይጎዳል። የፓኔሉ ሴሎች በአንድ ገመድ እንደታሰሩ በሬዎች ናቸው፤ አንዱ ሲቆም ሌሎቹም ይቆማሉ። የአንድ ቅርንጫፍ ጥላ፣ የዲሽ ጥላ፣ አንድ ትልቅ የወፍ ኩስ የፓኔሉን ግማሽ ሥራ ሊያስቆም ይችላል። ባሕር ዛፍ ደግሞ በየዓመቱ ያድጋል፤ ፓኔሉ የተሰቀለ ዕለት ያልነበረ ጥላ ከሦስት ክረምት በኋላ ይመጣል።

ሌላም አለ፤ በአገራችን ፀሐይ በዓመት ውስጥ ወገን ትለውጣለች። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ናት። ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መገባደጃ ድረስ የቀትሯ ፀሐይ በሰሜን በኩል ታልፋለች፤ በቀሩት ወራት በደቡብ። ስለዚህ በታኅሣሥ ከጠዋት እስከ ማታ ጥላ ያልነካው ጣሪያ፣ በሰኔ ጠዋት በሰሜን ምሥራቅ ከቆመ ዛፍ ጥላ ሊያርፍበት ይችላል። ጥላን በአንድ ቀን አይፈትሹ። ከጠዋቱ 3 ሰዓት፣ ቀኑ 6 ሰዓትና 9 ሰዓት ላይ ወጥተው ይዩ፤ በሰኔም በታኅሣሥም ይድገሙት። አሰቃቀሉ ወደ ደቡብ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ዘንበል ቢል በቂ ነው፤ ያቺ ዘንበል ማለት ዝናቡ አቧራውን ጠርጎ እንዲወርድም ትረዳለች። ከቆርቆሮው ቢያንስ 10 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይበል፣ ከሥሩ ነፋስ እንዲያልፍ።

ፒስታ መንገድ አጠገብ ያለ ቤት በበጋ በየሳምንቱ ፓኔሉን ሊያጥብ ይገባዋል። ማለዳ፣ መስታወቱ ቀዝቃዛ ሳለ፣ በንጹህ ውሃና በለስላሳ ጨርቅ።

ኮንትሮለሩ የተነገረውን ነው የሚሠራው

ኮንትሮለሮች ሁለት ዓይነት ናቸው። ርካሹ ፒ ደብሊው ኤም፣ ውዱ ኤም ፒ ፒ ቲ ይባላል። ርካሹ ፓኔሉን ወደ ባትሪው ቮልት ይጎትተዋል፤ የተረፈው ቮልት ይባክናል። ውዱ የተረፈውን ቮልት ወደ አምፔር ይለውጠዋል። ይህ ልዩነት ገበያ ላይ ብዙ ሰው ያስከስራል። ባለ 250 ዋት ትልቅ ፓኔል 30 ቮልትና 8.3 አምፔር ገደማ ይሰጣል። ከ12 ቮልት ባትሪ ጋር በርካሹ ኮንትሮለር ሲያገናኙት ባትሪው የሚያገኘው ያችኑ 8.3 አምፔር በ13 ቮልት ነው፤ 108 ዋት። ከከፈሉበት ከግማሽ በላይ ጠፋ። ትልቅ ፓኔል ከገዙ ኤም ፒ ፒ ቲ ይግዙለት፤ ካልሆነ ለ12 ቮልት የተሠራውን ፓኔል ይግዙ።

ብዙ ኮንትሮለሮች የባትሪ ዓይነት መምረጫ ቁልፍ አላቸው። አሲዱ የሚፈሰው፣ የታሸገው፣ ጄል የሚባለውና ሊቲየሙ የሚፈልጉት ቮልት የተለያየ ነው። ጄሉ ከ14.2 አካባቢ በላይ ሲገፋ ይጎዳል፤ አሲዱ የሚፈሰው ደግሞ በዚያ ቁጥር ጠግቦ አያውቅም። ባትሪ በቀየሩ ቁጥር ይህን ምርጫ ይመልከቱ። መፍታትና ማሰር ሲኖርም ቅደም ተከተሉ አይለወጥም። ሲያስሩ ባትሪ ቀድሞ ፓኔል ይከተላል፤ ሲፈቱ ፓኔል ቀድሞ ባትሪ ይከተላል። ባትሪ ሳይኖረው ከፓኔል ጋር ብቻ የተገናኘ ኮንትሮለር ሊቃጠል ይችላል።

ገቢው ትንሽ፣ ወጪው ብዙ

ገመዱ፣ ፓኔሉና ኮንትሮለሩ ደኅና ሆነው ባትሪው ካልሞላ ሒሳቡ ይታይ። የእትዬን ቤት ሒሳብ አብረን እንሥራ።

ፓኔሉ ባለ 80 ዋት ነው። በጥሩ ወቅት በቀን የ5 ሰዓት ሙሉ ፀሐይ ያህል ያገኛል እንበል። ከሙቀት፣ ከአቧራና ከገመድ የሚጠፋውን 3 እጅ ከ10 ስንቀንስ 280 ዋት ሰዓት ይቀራል። በክረምት ፀሐዩ ወደ 4 ሰዓት ሲወርድ 224 ይሆናል። ይህ ገቢ ነው። ወጪው፦ 4 የ5 ዋት አምፖሎች ለ5 ሰዓት 100፤ ባለ 40 ዋት ቴሌቪዥን ለ4 ሰዓት 160፤ 3 ስልኮች 30። ድምሩ 290። ገና ከመነሻው ወጪ ከገቢ በልጧል። በዚህ ላይ ልጆቹ ለበዓል ሲመጡ ሪሲቨር ጨመሩ፤ 12 ዋት ለ4 ሰዓት፣ 48።

ከሁሉ የባሰው ግን ማንም ያልቆጠረው ነው። ኢንቨርተሩ ቀንም ሌሊትም በርቶ ይውላል፣ ያድራል። ኢንቨርተር ምንም ሳይሰካበት፣ በርቶ ብቻ ሲቀመጥ፣ ለራሱ ይበላል። የእትዬ 8 ዋት ይበላ ነበር። 8 በ24 ሲባዛ 192 ዋት ሰዓት። ከቴሌቪዥኑ ይበልጣል! ማታ ቴሌቪዥኑ ሲጠፋ ኢንቨርተሩንም ማጥፋት ብቻ ይህን አብዛኛውን ያድናል። አምፖሎቹን ደግሞ በቀጥታ በ12 ቮልት በሚሠሩ መተካት ይሻላል፤ ያኔ ኢንቨርተሩ ለቴሌቪዥኑ ብቻ ይነሳል።

ኢንቨርተሩ ሌላም ጥፋት አለው። ኮንትሮለሩ ባትሪው 11 ቮልት አካባቢ ሲደርስ መብራቱን ቆርጦ ባትሪውን ያድነዋል። ኢንቨርተር ግን በቀጥታ ባትሪው ላይ ስለሚታሰር ይህ ጥበቃ አይደርሰውም፤ ብዙዎቹ 10.5 ቮልት አካባቢ እስኪደርስ እየመጠጡ ይቆያሉ። እሱ ጮኾ ሲጠፋ ባትሪው ተጎድቷል። ስለዚህ ጩኸቱን አይጠብቁ።

ምጣድ በዚህ ሥርዓት እንደማይሠራ ግልጽ ላድርግ፤ ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,000 ዋትና ከዚያ በላይ ይፈልጋል። አንድ ሰዓት ቢጋገርበት የእትዬ ፓኔል 11 ቀን ገደማ የሚሠራውን ይጨርሳል። ካውያም ሆነ የውሃ ማፍያ ከዚሁ ወገን ናቸው።

ጥፋቱ የባትሪው ሲሆን

ባትሪ በእርግጥ የሚሞትበት ጊዜ አለ። ፈረንሳዊው ጋስቶን ፕላንቴ በ1859 እ.ኤ.አ. የሠራው የእርሳስ ባትሪ ዛሬም ውስጡ ያው እርሳስና ሰልፈሪክ አሲድ ነው፤ ድክመቱም ያው ነው። ባትሪ ሲሠራ እርሳሱ ላይ ሰልፌት የሚባል ነጭ ነገር ይጣበቃል፤ ሲሞላ ይለቃል። ሳይሞላ ብዙ ቀን ከቆየ ግን ሰልፌቱ ይጠጥርና አይለቅም። ባትሪን የሚገድለው አብዛኛውን ጊዜ እርጅና ሳይሆን ለሳምንታት ግማሽ ጎደሎ ሆኖ መክረሙ ነው። ለዚህም ነው በክረምት ማግስት፣ በመስከረም፣ ብዙ ባትሪ የሚሞተው።

የሰልፌት ምልክቱ እንዲህ ነው። ጠዋት ፀሐይ እንደወጣች ቮልቱ ተስፈንጥሮ 14.4 ይደርሳል፤ ከረፋዱ በፊት ሞላ ይላል፤ ማታ አንድ አምፖል ሲበራ ይወርዳል። በስሙ ጎተራ ነው እንጂ ማሰሮ ሆኗል። ማረጋገጫው ቀላል ነው። ማሰሪያው ንጹህ መሆኑን አይተው ባትሪውን ቀኑን ሙሉ ይሙሉት፣ ያሳድሩት። በማግስቱ ፀሐይ ሳትወጣ ያን 40 ዋት ቴሌቪዥን ብቻውን ለ2 ሰዓት ያህል ያብሩ። ባለ 100 አምፔር ሰዓት ባትሪ ከዚህ የሚያጣው 7 አምፔር ሰዓት ገደማ ስለሆነ ሊሰማው አይገባም። ከ12.2 በታች ከወረደ አቅሙ ተሟጧል።

ሌላው ምልክት ማለዳ 10.5 አካባቢ ላይ የሚቆም ቮልት ነው። የ12 ቮልት ባትሪ እያንዳንዳቸው 2.1 ቮልት የሚሰጡ 6 ክፍሎች አሉት፤ አንዱ ሲሞት ቀሪዎቹ አምስቱ የሚሰጡት ያንን ነው። ይህ አይድንም።

ክዳኑ የሚከፈት ባትሪ ከሆነ የአሲድ መለኪያ ይግዙ፤ ከቴስተር ይልቅ እውነት ይናገራል። የሞላ ክፍል 1.265 እና ከዚያ በላይ ያሳያል። ከስድስቱ አንዱ ከሌሎቹ በ0.05 ካነሰ ያ ክፍል ታሟል። ውሃው ሲጎድል የሚጨመረው የተጣራ የባትሪ ውሃ ብቻ ነው፤ የቧንቧም፣ የታሸገ የመጠጥ ውሃም ማዕድን ስላለባቸው አይሆኑም። አሲድ መጨመርም ጥፋት ነው፤ የሚተነው ውሃው እንጂ አሲዱ አይደለም። እርሳሱ ራሱ ካልታየ በቀር ውሃ የሚጨመረው ባትሪው ከሞላ በኋላ ነው።

በርካታ ቤት የመኪና ባትሪ ሲጠቀሙ አያለሁ። ዋጋው ይስባል። የመኪና ባትሪ ሞተር ለማስነሳት ለጥቂት ሰከንድ ብዙ ኃይል እንዲሰጥ በስስ እርሳስ የተሠራ ነው፤ በየማታው ግማሹን ሲያወጡት በጥቂት ወራት ይወድቃል። አዲስና አሮጌ ባትሪ ጎን ለጎን ማሰርም እንዲሁ፤ አሮጌው አዲሱን ይዞት ይወርዳል። ሙቀትም ዕድሜ ይበላል፤ በድሬዳዋ ወይም በአፋር ያለ ባትሪ ከደብረ ብርሃኑ ቀድሞ ያረጃል፤ ስለዚህ በጥላ፣ በቀዝቃዛው ክፍል ይቀመጥ።

ሊቲየም ባትሪ ያለው ሰው የማለዳውን ቮልት አይመን። ከሞላ ጎደል እስኪያልቅ ድረስ ከ13 ቮልት ብዙ አይርቅም። በውስጡ ያለው ቢ ኤም ኤስ የሚባል ጠባቂ ባትሪው ሲራቆት ራሱን ይቆልፋል። ያኔ ቴስተሩ ዜሮ ወይም ወደ ዜሮ የተጠጋ ያሳያል፣ ኮንትሮለሩም ባትሪ የለም ይላል። ሞተ ብለው አይጣሉት፤ ለሊቲየም በተሠራ ቻርጀር ሲነካ የሚነቃ ብዙ ነው።

ከሥራው በፊት

ቀለበትና የእጅ ሰዓት ያውልቁ። የቁልፍዎን እጀታ በናስትሮ ይጠቅልሉት፤ ሁለቱን ጫፎች በአንዴ የነካ ብረት ይቀልጣል። ባትሪ ሲሞላ የሚወጣው ሃይድሮጂን የሚፈነዳ ጋዝ ነው፤ ከሰል፣ ሻማና ሲጋራ አጠገቡ አይድረሱ፣ መስኮቱ ይከፈት። አሲድ ቆዳ ከነካ ወዲያው በብዙ ውሃ ይታጠባል፤ ዓይን ከገባ ለብዙ ደቂቃ እያጠቡ ወደ ጤና ጣቢያ ነው።

በመጨረሻ የሞተ ባትሪ ጉዳይ። አሲዱን ጓሮ አፍስሰው ቀፎውን ለቆራሌ አይስጡ። እርሳስ የልጆችን አእምሮ ይጎዳል፤ አፈሩ ውስጥም ለብዙ ዓመት ይቆያል። አሲዱ ሳይፈስስ፣ እንዳለ፣ ለሸጠልዎ ሰው ይመልሱት፤ አዲስ ሲገዙም ይህን አስቀድመው ይስማሙ።

ከእትዬ ቤት ስነሳ ቴስተሬን ትቼላቸው መጣሁ። አራት ማታ ያለ ቴሌቪዥን እንዲያድሩና በአንድ አምፖል እንዲቆዩ ለመንኳቸው፤ ባለ 80 ዋት ፓኔል የተራበን ባትሪ በአንድ ቀን አያጠግብምና። በ5ኛው ቀን ማለዳ ስልኬ ጮኸ። «12 ነጥብ 6 ይላል» አሉኝ እትዬ። የልጆቹ መዋጮ ሁለተኛ ፓኔል ተገዛበት።